ቅጽ አሥራ ዘጠኝን ማን ያነበዋል?

ታማኝነትን በአንደበታቸው የሚያመሰግኑ ብዙዎች ናቸው፤ በእጃቸው የያዟት ግን ጥቂቶች። የዚህ ታሪክ ባለቤት ከጥቂቶቹ አንዱ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የተቀበሉትን ወረቀት አልጣሉም፤ ያልተቀበሉትን ተቀበልሁ አላሉም፤ ለአለቃ ብለው ቀን አልቀየሩም፤ ለዘመድ ብለው ተራ አላዛነፉም። እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ ሰው የሚጠብቀውን በር ይሰጠዋልና ለእርሳቸው የመዝገብ ቤት በር ደረሳቸው፤ እርሳቸውም በሩን ጠበቁ። ስለዚህም በዚያ ሳምንት የሆነውን የሰማ ሁሉ ጆሮውን ተጠራጠረ። ሌባ ተገኘ ቢባል ማንም ይህን ያህል አይደነግጥም ነበር፤ ያስደነገጠው ጥፋቱ የተገኘው በታማኙ ሰው እጅ መሆኑ ነው።

የሚሠሩበት ቤት መንግሥት በሚመድብለት በጀት የሚተዳደር የእርሻ ምርምር ተቋም ነው። መዝገብ ቤቱ በአንደኛው ፎቅ፣ በኮሪደሩ ጫፍ ላይ ይገኛል፤ ሦስት የብረት ቁም ሣጥን፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ወደ ችግኝ ቤቶቹ የሚያይ አንድ መስኮት አለው። በጠረጴዛው ላይ ቲተሮቹ፣ ማለትም የጽሑፍ ማኅተሞቹ፣ እንደ ቁመታቸው ተደርድረው ይቆማሉ። ተመራማሪዎቹ ባለመዝገቡን በስማቸው ሳይሆን «አራት ኮፒ» እያሉ ነው የሚጠሯቸው። ሰው ወረቀት ይዞ ሲገባ ቀና እንኳ ሳይሉ «ስንት ነው?» ይላሉ፤ «ሦስት» ካለ «አራተኛውን ይዘህ ተመለስ» ይሉታል። አንድ ጊዜ ወጣቶቹ «ጋሼ ሙሽሪትንም የተረከቧት በአራት ኮፒ ነው» ብለው ቀለዱ። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ቀልዱ በጆሯቸው ሲደርስ «አንዷንም በቅጡ አልቻላት» ብለው መልስ ላኩባቸው።

በተቋሙ ሠላሳ አራት ቅጾች አሉ። ከሁሉም የከበደው ቅጽ አሥራ ዘጠኝ ነው፤ «የማቀዝቀዣ ይዞታ መግለጫ» ይባላል። ማንኛውም ጥናት በየመንፈቁ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይህን ቅጽ ሞልቶ፣ የንብረት፣ የግዥ፣ የፋይናንስ፣ የኦዲትና የዕቅድ ክፍሎችን ፊርማ አሰባስቦ ለመዝገብ ቤት ያስረክባል። ዘጠኝ ረድፎች አሉት፤ ሰባተኛው ረድፍ «ማቀዝቀዣው ከወለሉ ያለው ከፍታ በሳንቲ ሜትር» ይላል። ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው «የለኝም» ብሎ ቢጽፍ አይበቃውም፤ የሌለው ስለመሆኑ ከንብረት ክፍል ደብዳቤ ያመጣል። ንብረት ክፍሉም ሰው ልኮ ክፍሉን ካላየ ደብዳቤውን አይሰጥም። የገበሬ ማኅበራትን ታሪክ የሚያጠኑት፣ ከብዕርና ከደብተር በቀር ምንም የሌላቸው ምሁር እንኳ ማቀዝቀዣ እንደሌላቸው በየመንፈቁ ያስመሰክሩ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የባቄላ ተመራማሪዋ ዶክተር ወደ መዝገብ ቤቱ ገባች። ጫማዋ ጭቃ ነክቶታል፤ በእጇ እርጥብ ወረቀት የተነጠፈበት ሰሐን ይዛለች።

«ጋሼ፣ ዝናቡ ገባ እኮ።»

«አይቻለሁ፤ ጃንጥላዬን ይዤ ነው የመጣሁት።»

«ጃንጥላዎን አልጠየቅሁም። ፈቃዴን ነው የጠየቅሁት።»

ባለመዝገቡ ቅጹን ከመሳቢያ አውጥተው በጣታቸው ነኩት። «ረድፍ ሰባት ባዶ ነው፣ እህቴ።»

«ማቀዝቀዣ የለኝማ! ዘሩ ያለው ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ነው። ክፍል ከወለሉ በስንት ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል? እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፤ ክፍሉ ራሱ እኮ ነው ወለል ያለው!»

«እንግዲያው የሌለሽ ስለመሆኑ ደብዳቤ አምጪ።»

«ደብዳቤውን የሚፈርመው ሰው ዓመት ፈቃድ ወጥቷል፤ ተወካዩ ቅጽ እንጂ ደብዳቤ አይፈርምም። በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ነው የሚገባው።»

ይህች ሴት የባቄላን ቅጠል የሚያጠወልገውን በሽታ የሚቋቋም ዘር ለማግኘት አሥራ አንድ ዓመት ደክማለች። የድካሟ ፍሬ በሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ትንንሽ ፖስታዎች ውስጥ የተቀመጠ ዘር ነው፤ በእያንዳንዱ ፖስታ አንድ የተለየ ዝርያ አለ። ዘር ደግሞ እንደ ሰው ያረጃል። ባለፈው ዓመት መዝገብ ቤቱ ቅጿን ሁለት ጊዜ መልሶባት የዘር ጊዜው አለፈ። አሁን ሰሐኑን በቲተሮቹ አጠገብ አኖረችው። በእርጥቡ ወረቀት ላይ መቶ ፍሬ ተደርድሯል፤ የበቀለው ግን ከግማሽ በታች ነበር።

«አርባ ነው» አለች። «አምና ስልሳ አምስት ነበር። ከርሞ ምን እንደሚቀረኝ ቁጥር የሚወዱት እርስዎ ያስሉልኝ። እስከ ዓርብ ካልዘራሁ ማሳው ይጨቀያል፤ ትራክተርም አይገባበት።»

«ምን ላድርግሽ እህቴ? ሕግ ነው።»

«የማን ሕግ?»

በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃቸው አልነበረም። ባለመዝገቡ ቲተራቸውን አነሱ፤ መልሰውም አስቀመጡት። «የበላይ አካል» አሉ። ዶክተሯም ሰሐኗን ይዛ ወጣች፤ በሩን እንኳ አላጮኸችውም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አዲሱ ዳይሬክተር አስጠሯቸው። ከተሾሙ ገና ሦስተኛ ወራቸው ነው፤ ጠረጴዛቸውም ገና ወረቀት አልሞላበትም።

«ጋሼ፣ ከበላይ ደብዳቤ መጥቶልናል። ተመራማሪዎቻችን ከሥራ ጊዜያቸው እኩሌታውን ቅጽ ሲሞሉ ነው የሚውሉት ይላል። የማያስፈልገውን ቀንሱ ተብለናል። የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው ለይቶ ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል?»

«ሁሉም ያስፈልጋል።»

ዳይሬክተሩ ሳቁ። «እሺ፤ በአንዱ እንጀምር። አብዝተው የሚያማርሩት በየትኛው ነው?»

«በአሥራ ዘጠኝ።»

«እንግዲያው አሥራ ዘጠኝን ይያዙና በእግርዎ ይዙሩ። ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቁልኝ፤ ማን አዘዘው? ማን ያነበዋል? ባይኖር ምን ይጎድላል?»

ባለመዝገቡ ከዚያ ቢሮ ደረታቸውን ነፍተው ወጡ። የሚያማርሩትን ሁሉ አፍ የሚያስይዝ መልስ ይዘው እንደሚመለሱ ቅንጣት አልተጠራጠሩም።

ማክሰኞ ጠዋት ከንብረት ክፍል ጀመሩ። ተወካዩ ቅጹን አገላብጦ «እኛማ ፋይናንስ ይፈልገዋል ብለን ነው የምንፈርመው» አለ። ግዥ ክፍልም ያንኑ መለሰ። የፋይናንሱ ሰው ግን ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ዐይኑን አፈጠጠ።

«ኧረ በሕግ! ጋሼ፣ ማቀዝቀዣው ቢቆም ቢተኛ እኛን ምን አገባን? ኦዲት ነው እንጂ የሚያነበው።»

ኦዲተሯ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አዳመጠቻቸው። «ለዕቅድ ክፍል የሚላክ መስሎኝ ነው የምፈርመው» አለች። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ? ስድስት ዓመት ሙሉ ከፍቼው አላውቅም። አንድ ቀን ብቻ ከእርስዎ የተመለሰልን ኮፒ ወደቀና ሳነሣው ዐይኔ ገባበት። ይኸው አስቀምጬዋለሁ።»

ከመሳቢያዋ አንድ የተሞላ ቅጽ አውጥታ ሰጠቻቸው። ሦስት ዓመት ሆኖታል። በሰባተኛው ረድፍ ላይ አንድ ተስፋ የቆረጠ ተመራማሪ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ብሎ ጽፎ ነበር፦ «ማቀዝቀዣው ደመና ላይ ነው፤ ከፍታው እንደ ነፋሱ ይለያያል።»

ከሥሩ አምስት ፊርማ አርፎበታል። ከአምስቱ በታች ደግሞ በሐምራዊ ቀለም፣ አንዳች ሳይዛነፍ፣ «ተመርምሮ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል» የሚለው ቲተር ተመትቷል። የራሳቸው ቲተር ነው።

ባለመዝገቡ ሳይጋበዙ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ረድፉ መሞላቱን እንጂ በምን እንደተሞላ አንድም ቀን አይተው እንደማያውቁ ያን ጊዜ ገባቸው።

በመጨረሻ ወደ ዕቅድ ክፍል ገቡ። ኃላፊው ጥያቄውን ሲሰማ መሣቅ ጀመረ፤ ሲሥቅ ቆይቶ የሰውዬውን ፊት ሲያይ ሣቁ ጠፋ።

«ጋሼ፣ እየቀለዱ መስሎኝ ነበር እኮ። የሚጠይቁን እርስዎ አይደሉም እንዴ? መዝገብ ቤት ካላስረከብን ፈቃድ አይሰጥም ብለው የሚመልሱብን እርስዎ! እኛ ሁላችን ለእርስዎ ብለን ነው የምንፈርመው።»

ለምሳ ቤታቸው ሲደርሱ ባለቤታቸው ሜትሩን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በስፌት መኪናው ተቀምጠው ነበር።

«ምነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

«አልሞተም።»

«ታዲያ ፊትህ ምነው እንደ ቀባሪ ጠቆረ?»

ነገሩን ሁሉ ነገሯቸው። ደመናው ላይ ያለው ማቀዝቀዣ ጋ ሲደርሱ ሴትዮዋ በሳቅ ፈርሰው አፋቸውን በሚሰፉት ቀሚስ አፈኑ። ባላቸው እንዳልሳቁ ሲያዩ ግን ቀሚሱን አወረዱ።

«ስማኝ፤ ወረቀት ከሰማይ አይዘንብም። አንድ ሰው ጽፎታል። እኔ የማን ልክ እንደሆነ ሳላውቅ መቀስ አነሣለሁ? ሂድና የመጀመሪያውን ልክ ፈልግ።»

«የት አገኘዋለሁ?»

«ጉድ ነው! የመዝገብ ቤት ሰው እኔን ይጠይቀኛል?»

ረቡዕ ዕለት ከደረጃው ሥር ወዳለው የአሮጌ ፋይሎች ክፍል ገቡ። አቧራው ያፍናል። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ እያወረዱ፣ ዓመቱን ወደ ኋላ እየቆጠሩ ሄዱ። ከቀትር በኋላ በሃያ ስድስተኛው ዓመት ላይ አንድ ቀጭን ፋይል አገኙ።

የመጀመሪያው ወረቀት በዚያን ጊዜ የነበሩት ዳይሬክተር የጻፉት ማዘዣ ነው። በምድር ቤቱ ላቦራቶሪ የውኃ ቧንቧ ፈንድቶ ውኃው እስከ ጉልበት ደርሷል፤ ማቀዝቀዣዎቹ መሬት ላይ ስለተቀመጡ ሰው በኤሌክትሪክ እንዳይያዝ፣ ናሙናውም እንዳይበላሽ ያሰጋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ማቀዝቀዣ የት እንዳለ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነ፣ ከወለሉ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ዛሬውኑ ይመዝገብ፤ ዝቅ ያለው አስቀድሞ ይነሣ፤ አምስቱም ክፍሎች ለመሸከም ሰው ስለሚያዋጡ ይፈርሙበት ይላል። ሁለተኛው ወረቀት ቅጹ ራሱ ነበር፤ በጽሕፈት መኪና የተመታ፣ ከዛሬው ረዘም ያለ። ዘጠኙ ረድፎች አሉ። ከዘጠኙ በታች፣ በወረቀቱ ጫፍ ላይ፣ እርሳቸው ለሃያ ስድስት ዓመት ያላዩት አንድ መሥመር አለ፦

«ይህ ቅጽ ውኃው እስኪደርቅ ድረስ ለዚህ ሳምንት ብቻ ያገለግላል፤ ከዚያም ይሰረዛል።»

ከመሥመሩ አጠገብ የመታው ሠራተኛ ስም በአጭሩ ተጽፏል። የእርሳቸው ስም ነው።

ካርቶኑ ላይ ተቀመጡ። ስሙን ደጋግመው አነበቡት። ያን ጊዜ ገና አምስተኛ ዓመታቸው ነበር፤ ሥራ እንዳይጎድልባቸው የሚጨነቁ ትጉህ ወጣት ነበሩ። ውኃው ደረቀ፤ ባዶ ቅጾች ግን ተርፈው ነበር። በተከታዩ መንፈቅ አንድ ተመራማሪ ፈቃድ ሊወስድ ሲመጣ «ምናልባት ቢፈለግ» ብለው ከትርፉ አንዱን አስሞሉት። ከዚያም ሌላውን። ትርፉ ሲያልቅ አዲስ ወደተገዛው የፎቶ ኮፒ ማሽን ወሰዱት። ወረቀቱ ከመስታወቱ ይረዝም ነበርና የመጨረሻዋ መሥመር ከመስታወቱ ውጭ ቀረች። አይተዋታል! አሁን በዐይነ ሕሊናቸው ድቅን ብላ መጣች፤ «አንዲት መሥመር ናት፣ ዘጠኙ ረድፎች ከወጡ ምን ቸገረ» ብለው መክደኛውን ከደኑ። ቁጥሩንም የሰጡት ራሳቸው ናቸው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ቅጾች አሥራ ስምንት ነበሩና አሥራ ዘጠኝ አሉት።

ማንም አላያቸውም። ክፍሉ ቁልፉ አንድ ነው፤ እርሱም በእርሳቸው ኪስ ነው። ለጡረታ የቀራቸው ሦስት ዓመት ብቻ ነው። ፋይሉን ወደ ቦታው መልሰው «የመጀመሪያው አልተገኘም» ቢሉ፣ በሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ቀን ያልዋሹትን ሰው የሚጠረጥር አልነበረም። ይህ አሳብ መጥቶባቸው እንደነበር በኋላ ለባለቤታቸው አልደበቁም። ያስፈራቸው ግን ሌላ ነገር ነበር። «የማን ሕግ?» ብላ ለጠየቀችው ሴት መልሰውላት ነበር፤ መልሱም ሐሰት ነበር፤ ሐሰት መሆኑንም አሁን ያውቃሉ። ፋይሉን በብብታቸው ሥር አድርገው በሩን ቆለፉ።

ሐሙስ ጠዋት የክፍል ኃላፊዎች ስብሰባ ነበር። ባለመዝገቡ ቃለ ጉባኤ ሊያደርሱ ካልሆነ በቀር ወደዚያ አዳራሽ ገብተው አያውቁም። ገብተው ቆሙ፤ ተቀመጡ ቢባሉም አልተቀመጡም። አሮጌውን ቅጽና ደመና ያለበትን ቅጽ ጎን ለጎን በጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

«ማን አዘዘው ብላችሁኛል። ለአንድ ሳምንት የታዘዘ ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመት ያደረግሁት እኔ ነኝ። ማን ያነበዋል ላላችሁት፣ ማንም አያነበውም፤ እኔም አላነበውም። ባይኖር የሚጎድል ነገር የለም። በመኖሩ ግን ባለፈው ዓመት የዶክተሯ የዘር ጊዜ አልፏል፤ ዘንድሮም ሊያልፍ አንድ ቀን ቀርቶታል።»

ኦዲተሯ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ የመጨረሻዋን መሥመር ሦስት ጊዜ አነበበች። «ሃያ ስድስት ዓመት?» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷ እንኳ የሚሰማ አይመስልም። የንብረት ክፍሉ ተወካይ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። «እኔ ስንት ሕንፃ ወጥቼ ወርጄ የሌለ ማቀዝቀዣ አየሁ!»

የዕቅድ ክፍሉ ኃላፊ ጉሮሮውን ጠረገ። «የተነገረው አስደንጋጭ ነው። ሆኖም ለመሰረዝ ሥርዓት ያስፈልገዋል። የቅጽ መሰረዣ ቅጽ የለንም፤ አንድ ኮሚቴ ተቋቁሞ ቢያዘጋጅ...»

ሁሉም ዞሮ አየው። ይቀልዳል ብለው ጠበቁ። አልቀለደም። ዳይሬክተሩ ለረጅም ጊዜ አፍጥጠው ካዩት በኋላ ብዕራቸውን አወጡ፤ በቅጹ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ አንድ መሥመር አሠመሩበት፤ «ከዛሬ ጀምሮ ተሰርዟል» ብለው ፈረሙ። ወረቀቱ እስከ መቀደድ ደርሶ ነበር።

«ይህን ነገር ባይነግሩን እኮ ማንም አያውቅም ነበር» አሉ ዳይሬክተሩ ቀስ ብለው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የፈቃዱን ደብዳቤ አስቀድመው ይፈርሙልኝ» አሉ ባለመዝገቡ። «ደመናው እየወረደ ነው።»

የተፈረመውን ፈቃድ በኪሳቸው ከትተው ሾፌር ሳይጠብቁ በእግራቸው ወደ ማሳው ሄዱ። በቢሮ ጫማቸው በጭቃው እየተንቦጫረቁ ሲመጡ የቀን ሠራተኞቹ ከመጠለያው ሥር ብድግ አሉ፤ አራት ኮፒ ከመዝገብ ቤት ወጥተው ያየ አልነበረምና አንዱ «ምጽአት ደረሰ እንዴ?» አለ። ትራክተሩ በማሳው ዳር ቆሟል። ዶክተሯ የፖስታዎቹን ሣጥን በጉልበቷ ላይ ይዛ ተቀምጣ ነበር።

ፈቃዱን ሰጧት። ስታነበው ደስታ ከፊቷ ፈነጠቀ። ባለመዝገቡም ደስታዋን ይዘው መመለስ ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን ቆመው ሁሉንም ነገሯት፤ ቧንቧውን፣ ፎቶ ኮፒውን፣ የተቆረጠችውን መሥመር። ፊቷ እንደ አመድ ሆነ።

«አምናስ?»

«አምናም እኔ ነኝ።»

«ሁለት ጊዜ ነው የመለሱብኝ።»

«ሁለት ጊዜ።»

ጀርባዋን ሰጥታቸው ቆመች። ከሩቅ ነጎድጓድ ተሰማ። ዞር ስትል ዐይኗ ቀልቶ ነበር።

«ጋሼ፣ አሁን የምቆጣበት ጊዜ የለኝም፤ ዝናብ ሊጥል ነው። ዘርቼ ስጨርስ ግን እቆጣዎታለሁ።»

«እመጣለሁ።»

ወደ ሠራተኞቹ ፊቷን መልሳ «ተነሡ!» አለች፤ ትራክተሩም ተነሣ። ዓርብ ቀትር ላይ የመጨረሻው ፖስታ ተከፈተ። በሚቀጥለው ሰኞ ባለመዝገቡ እንደ ቃላቸው ሄዱ፤ እርስዋም እንደ ቃልዋ ተቆጣቻቸው። የተባባሉትን ከሁለቱ በቀር የሰማ የለም፤ እርሳቸው ግን ሲመለሱ «ያለችው ሁሉ እውነት ነው» ብለው ለባለቤታቸው ነግረዋል።

ከሁለት መቶ ዐሥራ ሁለቱ ሰማንያ ሰባቱ አልበቀሉም። አምና ቢዘሩ ኖሮ ከእነርሱ ስንቱ ይበቅል እንደነበር የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ከበቀሉትም በሽታው በማሳው ላይ ሲወርድ አብዛኞቹ ጠወለጉ። ዘጠኝ መደብ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ቆመ። ዶክተሯ በዘጠኙ መካከል ቆማ ለመዝገብ ቤት ስልክ ደወለችና «ይምጡና ይዩ» አለች። ባለመዝገቡም ሄዱ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቅጠሎቹን አንድ በአንድ አዩ፤ ያልበቀሉትንም ባዶ መደቦች እንዲሁ አንድ በአንድ አዩ።

በዚያው ሳምንት ዳይሬክተሩን አስፈቅደው የቀሩትን ሠላሳ ሦስት ቅጾች መነሻ ሊፈልጉ ወደ አሮጌው ክፍል ወረዱ፤ እስከ ዛሬም ገና አልጨረሱም።

እግዚአብሔር ለእኒህ ሰው ዕድሜና የዐይን ብርሃን ይስጥልን፤ የባለቤታቸውን እጅ ይባርክ፤ ሣቃቸውን ከቤታቸው አያጥፋ፤ ጓዳቸውንም በሰላም ይሙላልን። አሜን።